እሷ ከቻለችው ማንም ይችለዋል

«ሦስቱንም ሞክሪያቸውና የቀለለሽን ንገሪን» ይሉኛል ሐጂ ሙሀመድሁሴን፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማህበራችን ሊቀመንበር። ከዚያ ወደ ሸኪብ ይዞሩና «እሷ ከቻለችው ማንም ይችለዋል» ይሉታል። ማሞገሳቸው ነው እንግዲህ።

ሸኪብ ኮምፒውተር የሚጠግንልን ልጅ ነው። የድሮው ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለው ክራክ ነበርና ቫይረስ እንክት አድርጎ በላው። ሸኪብም ሦስት ኮምፒውተር ላይ ሦስት ዓይነት ሲስተም ጭኖ መጣ፤ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዞሪን። «ኦፕን ሶርስ ነው እትዬ ዳሲቱ፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው» ይለኛል ፊቱ እየበራ። ልጁ ክፋት የለውም። ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምሰድበው ሰው አገኛለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አቃቂ በሰቃ፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ የማህበሩን ደብዳቤ ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ግን ሐጂ «ቢሮው ሁለት ጸሐፊ አይችልም፤ አዲሱን የቻለችው ትቀጥላለች» አሉ። ሁለተኛዋ ኢሽራቅ ናት፣ የእህታቸው ልጅ። ስልክ ታነሳለች ተብላ ነበር የመጣችው።

እሺ ብዬ እቀመጣለሁ። አንደኛው ሁሉ ነገሩን በግራ በኩል ደርድሮታል፤ የግራኝ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሦስተኛው ያምራል፤ እኔ ደግሞ ያማረ ነገር መንካት እፈራለሁ። መሐለኛው፣ ሚንት የሚሉት፣ የማውቀውን ይመስላል። ከታች ጥግ ላይ ሲጫኑት ዝርዝሩ ብቅ ይላል። ያ አመለኛ ፕሪንተራችን ሳይቀር እሺ ብሎ ወረቀት ይተፋል። ልቤ ቀለል ይለዋል፣ አልዋሽም።

«ይሄኛው!» እላለሁ።

«አላልኩም?» ይላል ሸኪብ።

«በቃ፣ ሚንት ይሁን» ይላሉ ሐጂ ሰዓታቸውን እያዩ። «በይ ውሳኔውን በሱ ጻፊውና ከአስር ሰላት በፊት እንፈርም።»

ያ ዋቃ፣ መጻፍ እንዳለ ረስቼዋለሁ! ጣቶቼን አስቀምጬ «ቃለ ጉባኤ» ብዬ እመታለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፤ ፊደሉ አማርኛ፣ ቃሉ የማንም።

«ይሄ በድምፅ ነው የሚጻፈው እትዬ፤ በጣም ቀላል ነው» ይላል ሸኪብ ጎንበስ ብሎ። «ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም።»

«አማርኛ ለመጻፍ እንግሊዝኛ ላስብ?»

«እንደ ቴሌግራም እኮ ነው» ትላለች ኢሽራቅ ከኋላዬ።

እኔ የተማርኩት ሳሪስ አቦ፣ ታይፕ ቤት፣ በኦሊቬቲ ነው። መምህራችን ቁልፎቹን በጨርቅ ሸፍነው ነበር የሚያስተምሩን። «ዓይን ወረቀቱ ላይ! ቁልፍ የምታይ ታይፒስት አትባልም!» ኮምፒውተር ሲመጣም በዚያው በታይፕ አቀማመጥ የሚጻፍበት ፕሮግራም ተጫነልኝና ጣቴ ቦታውን ሳይለቅ ኖረ። «ሰ» የት እንዳለች ጣቴን ጠይቁት እንጂ እኔ አላውቅም።

«የድሮው አቀማመጥ እዚህ አይገባም?»

«ፈለግኩልዎት እኮ እትዬ። የሚሠራው በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው።»

እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ በአንድ ጣት እየለቀምኩ እጽፋለሁ። አንድ ፊደል እፈልጋለሁ፣ አገኛለሁ፣ እመታለሁ፣ ቀና ስል ተሳስቷል። ሻዬ ቀዝቅዟል። ሐጂ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ወጥተው ተመልሰዋል። አንዲቷ አንቀጽ ስታልቅ አንገቴ ደርቋል፣ ግን አልቃለች! ከታች «ጸሐፊ» ብዬ ስሜን አስከትላለሁ። ዲን አገኘኋት። ኤስን አገኘኋት። ቲን አገኘኋት።

ጸሐፊ፦ ድስት።

ኢሽራቅ ሳቋን በሻርፗ ታፍነዋለች። ሸኪብ ከንፈሩን ነክሶ ጣራ ጣራውን ያያል። ሲጨንቀኝ እኔው ከሁሉም በላይ እስቃለሁ። «ሃያ ሁለት ዓመት ተጥጄ ነበር ለካ!» እላቸዋለሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

ሐጂ አይስቁም። «ተይው ዳሲቱ» ይላሉ ቀስ ብለው፣ ከዚህ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ። «ደከመሽ። ኢሽራቅ ትጨርሰው።»

እነሳለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እኔንማ አስመረጡኝ፤ ጥሩ አድርጌ መረጥኩላቸው።

ኢሽራቅ «ይቅርታ እትዬ» ብላ የምቀመጥበትን ትራስ ከወንበሩ አንስታ ታቀብለኛለች። ልጅቷ ጨዋ ናት። ትራሴን ታቅፌ ከኋላዋ እቆማለሁ። እኔን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የፈጀብኝን እሷ ሐጂ ጫማቸውን እስኪያስሩ ድረስ ትጨርሰዋለች። ከዚያ እጇ ይቆማል።

«እትዬ… ጸሐፊ የሚለው ላይ ማንን ልበል?»

ሸኪብ ገመድ መጠቅለል ይጀምራል። ሐጂ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ።

«የጻፈችውን ነዋ» እላለሁ።

ኢሽራቅ ስሟን ትጽፋለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ቁልፎቹን አንዴም አላየቻቸውም።