የከበሮው ሰላምታ

ዳኛው የመጀመሪያውን ፊሽካ ሲነፋ፣ የጨዋታው ስርጭት የድምፅ ባለሙያ ጣት እንደ ልማዱ ከጎሉ ጀርባ ያለውን ማይክሮፎን ድምፅ ወደሚቆጣጠረው ማንሻ ሄደና አየር ላይ ቀረ። ዛሬ ሥራ የጀመረው አዲሱ መሣሪያ ኳሷን እየተከተለ ማይክሮፎኖቹን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። የኳሷ ምት፣ የተጫዋቾቹ ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ከጎሉ ጀርባ ያሉትን ደጋፊዎች ከበሮ ግን እንደ ረብሻ ቆጥሮ አጠፋው። ባለሙያው ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር የዚያን ከበሮ ድምፅ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ያደርገው ነበር፤ ቤት ተቀምጦ ጨዋታውን በጆሮው ለሚከታተለው ዓይነ ስውር ታላቅ ወንድሙ "አለሁልህ" ማለቱ ነው። ጠዋት ሊነግረው ስልኩን አንስቶ ነበር። "ሥራዬን ማሽን ወሰደው" ማለቱ አሳፈረውና መልሶ አስቀመጠው። አሁን እጁን አጣጥፎ ማንሻዎቹ ሰው ሳይነካቸው ሲወጡና ሲወርዱ ያያል።

ለእረፍት እንደተወጣ ወንድሙ ደወለ።

"ጋሼ፣ ድምፁ እንዴት ነው?"

"ኧረ ጉድ ነው! ሜዳው መሐል የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ግን ዛሬ ሰላም ሳትለኝ ቀረህ። ምን አስቀይሜህ ነው?"