ያለ ጣፋጭ አንድ ሰዓት

«ኪስህንም» ትለኛለች ግሌንዳ፣ የዶናቱን ካርቶን ቀምታኝ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጠች በኋላ። ከጃኬቴ ኪስ አንድ እፍኝ ከረሜላ አውጥቼ መዳፏ ላይ አፈስሳለሁ። «ስትወጣ ትወስደዋለህ። ዛሬ ያለ ጣፋጭ እንሞክረው።»

ግሌንዳ ፍርድ ቤቱ የመደበብኝ ታዛቢ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ከስድስት ዓመት ልጄ ከቴሳ ጋር ስገናኝ፣ እሷ ጥግ ይዛ ያየችውን ትጽፋለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሰዓቱ ሳይሞላ መውጣት አይፈቀድልኝም፤ ከሞላም በኋላ እናትና ልጅ እስኪርቁ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ መጠበቅ አለብኝ። ሐሙስ ዳኛው የግሌንዳን ወረቀት አንብቦ፣ ቴሳ እኔ ቤት ማደር ትችል እንደሆነ ይወስናል።

«ሰባት ቅዳሜ ያንኑ ነው የጻፍኩት» ትላለች። «ዶናቱን ትበላለች፣ እንደ ጥጃ ትቦርቃለች፣ አንገትህ ላይ ትጠመጠማለች። ሊያልቅ ሲል መሬት ላይ እየተንከባለለች ታለቅሳለች። ስኳሩ ይሁን ሌላ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«ስኳር አይደለም። ከእኔ መለየት አቅቷት ነው።»

ግሌንዳ ወረቀቷን ትገልጣለች። ያበሸቀኝ ይኼ የስኳር ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምኖረው በዚያ ልቅሶ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስደረድር ውዬ «ልጄ ስንለያይ መሬት ትቧጥጣለች» እያልኩ እጽናናለሁ። ዛሬ ካለቀሰች ዳኛው ፊት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ካላለቀሰች ደግሞ እስከ ዛሬ የወደደችው ዶናቱን ነው። በዚያም ገደል፣ በዚህም ገደል።

መጠጥ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። መጠጥ ያቆምን ሰዎች የምንሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የዶናት ሳህን አያጣም፤ አንጋፋችን ቨርን «ጥማቱ ሲመጣ ከረሜላ ወርውርበት» ብሎ መከረኝ። ወረወርኩበት፤ ሠራልኝ። እኔን ያዳነኝ ነገር ለልጄ ምን ይከፋል ብዬ ነው።

ቴሳ ትገባለች። እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው የምታየው።

«የታለ?»

«ምኑ?»

«አባዬ! ዶናቱ ነዋ!»

«ዛሬ የለም።»

ከንፈሯን ትጥላለች። እጄ ሳላዝዘው ወደ ሱሪዬ ትንሿ ኪስ ይሄዳል፤ ግሌንዳ ያላየቻት አንዲት ከረሜላ እዚያ አለች። ብሰጣት በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንገቴ ላይ ናት።

«ኪስህ ውስጥ ምን አለ?» ከዚህች ልጅ ምን ይደበቃል!

«ከረሜላ።»

«ስጠኛ!»

«አይሆንም።»

እንዲህ ብያት አላውቅም። ቁርጭምጭሚቴን በጫማዋ ጫፍ ጠለዝ አድርጋኝ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። የግሌንዳ እስክሪብቶ ይሮጣል። ጻፊ፣ ጻፊ፣ እላለሁ በሆዴ።

አሥር ደቂቃ ያልፋል፤ ከዚያ ሃያ። እኔም ጣፋጬን አጥቻለሁና ራሴን እየወቀረኝ ነው፤ ጥላዬን እንኳ ብጣላ ደስ ባለኝ። በሩን በርግጄ ብሄድ እወዳለሁ። ከሄድኩ ግን ሐሙስ አበቃለት።

«እግርህ ለምን ወለሉን ይደበድባል?» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ሥር ይመጣል።

«ተናድጄ ነው።»

«እኔ ነኝ የተናደድኩት!»

«እኔም ተናድጃለሁ።»

«በጣም?» ትላለች።

«በጣም። ሆዴ ሁሉ ተናዷል።»

«የእኔም ሆድ።» ትንሽ እጅ ወጥታ ሱሪዬን ትጎትታለች። «ና ግባ።»

ይኼን ሁሉ ቁመት አጣጥፌ እገባለሁ፤ እንጨቱ ግንባሬን ይለኛል። «በማን ነው የተናደድከው?» ብላ ጆሮዬ ሥር ታንሾካሹካለች።

«መንሾካሾክ ክልክል ነው» ትላለች ግሌንዳ ከጥጓ።

«በግሌንዳ!» ብላ ትጮኻለች ቴሳ። «በግሌንዳ ነው የተናደድነው!»

«በዶናት ቀማኛዋ!» እላለሁ እኔም፣ ሐሙስን ረስቼ። ከጥጉ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ ያናደደንን ተራ በተራ እንቆጥራለን። እሷን ያናደዳት የፊት ጥርሷ አልነቃነቅ ማለቱ፣ ሹራቧ ማሳከኩ፣ ትምህርት ቤት ክፍሏ ውስጥ ኦቲስ የሚባል ልጅ መኖሩ ነው። እኔን ደግሞ መኪናዬ በከተማችን በዱሉዝ ብርድ አልነሳ ማለቷ፣ ማታ ማታም ቤቱ ጭር ማለቱ።

«ቤትህ ጭር ይላል?»

«ይላል።»

«ያናድዳል» ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ራሷን እየነቀነቀች።

«ሰዓት አልቋል» ትላለች ግሌንዳ።

ልቅሶውን እጠብቃለሁ። አፍሬ ነው የምናገረው፣ እንድታለቅስልኝ እየለመንኩ ነው። ቴሳ ካፖርቷን ታመጣልኛለች፣ ዚፑን እዘጋላታለሁ። «ቻው አባዬ።» ትወጣለች። ዞራም አላየችኝ።

«እንባ የለ፣ መንከባለል የለ!» ትላለች ግሌንዳ። «ዳኛው ይኼን ይወደዋል።» ልታስደስተኝ ነው። እኔ ግን ደረቴን በእርግጫ የተመታሁ ያህል ነው። ዶናቱ ነበራ! ሰባት ሳምንት ሙሉ የኖርኩት በዶናት ልቅሶ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። የእናቷ ድምፅ ከኮሪደሩ ይመጣል። «ዛሬስ ምን ሠራችሁ?»

«ምንም። ከአባዬ ጋር ተናደድን።»

«ምን አደረጋችሁ?»

«ተናደድን! አብረን። ሳምንትም እንናደዳለን።» የልደት ግብዣ ውላ እንደመጣች ልጅ ነው የምታወራው።

ድምፃቸው እየራቀ ይሄዳል። «አሥራ አምስት ደቂቃህን» ትለኛለች ግሌንዳ፣ ወንበሩን እያሳየችኝ።

ወንበሩን አልፌ ጠረጴዛው ሥር ተመልሼ እገባለሁ።