የተጠቀለለው ጣውላ

ሰውየው ሃርልስደን በሚባል የባዕድ አገር ሰፈር ካለው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጓሮ ተንበርክኮ የአየር ጠመንጃውን ይሞክር ነበር። አዳራሹን ያስቸገሩትን አይጦች የሚገድለው ነገ ነው፤ ዛሬ የፈለገው ከቀላሉ ፔሌትና ከከባዱ ስለግ የትኛው ጥይት ለጠመንጃው እንደሚስማማ ማወቅ ብቻ ነበር። የኢላማውን ወረቀት የለጠፈው ዕቃ ቤት ውስጥ ባገኘው፣ በጨርቅ በተጠቀለለ ጣውላ ላይ ነው። ፔሌቶቹ ተበታተኑ፤ ጨርቁ ላይ ቀሩ። ስለጎቹ ግን አንዱ በአንዱ ላይ እያረፉ የወረቀቱን መሀል በሱት። «ይኸው!» አለ ለራሱ፣ ደስ ብሎት።

አዳራሹን የሚያጸዱት እማማ ጌጤነሽ ሻይ ይዘውለት ወጡ። ዓይናቸው ስለደከመ ኢላማውን አላዩትም። «በርታ ልጄ፣ እነዚህ አይጦች ጨርሰውናል። ሥዕሌን እንኳ እንዳይበሉብኝ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ዕቃ ቤት አስገብቻታለሁ። ከአገር ስወጣ አዝዬ ያመጣኋት እመቤቴ ናት። አንተ ስትጨርስልኝ ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ።»

ሰውየው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኛው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጨርቅ የሚጠቀለል ምን እንደሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ጠዋት ግን ለኢላማ የሚመች ጣውላ ብቻ ነበር የታየው። ሄዶ ወረቀቱን አነሳና ትንሿን ጣቱን ወደ ቀዳዳው ሰደዳት። ሰተት ብላ ገባች።

«ሻይህ ሊቀዘቅዝ ነው እኮ» አሉት። «ለመሆኑ ይመታል ጠመንጃህ?»

«ይመታል፣ እማማ» አለ፣ ቀዳዳውን በመዳፉ ሸፍኖ።