ጸጉሬ ያወቀው

ሚዶ በነካው ቁጥር ጸጉሬ እፍኝ እፍኙን ይወጣል። ጎረቤቶቼ ላሽ ነው አሉ፤ ቅቤ ብቀባው፣ ጸበል ብጠመቅ አልቆም አለ። በጥር መጀመሪያ ወገዳ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለነርሷ ለመሠረት ሻሼን ፈታሁላት።

«ላሽ አይደለም፣ እማማ» አለችኝ። «ላሽ ክብ ክብ ሠርቶ ነው የሚመልጠው፤ የእርስዎ ከሁሉም ቦታ ሳስቷል። እንዲህ ያለው ከከባድ ትኩሳት ወይም ከሐዘን በኋላ ሦስት ወር ቆይቶ ይመጣል። ድንጋጤው ሲያልፍ ተመልሶ ይበቅላል። ጥቅምት ላይ ታመው ነበር? ወይስ ሐዘን ደረሰብዎት?»

«አልታመምሁም፤ ማንም አልሞተብኝም!» አልኋት በቁጣ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ይሁኔ። ለገብሱ አጨዳ እደርሳለሁ ብሎ በመስከረም መተማ ለሰሊጥ ሥራ ሄዶ ቀረ። እንዲህም ሆኖ አርብ አርብ ይደውላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል፤ መልሱን ብነግረውም በሳምንቱ እሱኑ ይደግመዋል። የመተማ ፀሐይ ቀልቡን ሳይወስደው አይቀርም።»

መሠረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ እዚህ አገር ኔትወርክ ከተቋረጠ እኮ ሦስት ወር አለፈው። እኔ ራሴ እናቴን ካነጋገርሁ…»

ስልኬ ከመቀነቴ ውስጥ ጮኸ። አርብ ነበር። እሷም ሰምታ እንድታፍር ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«እማ፣ ገብሱ ታጨደ?»

ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ ወር አልፎታል። ስንት አርብ ይህንኑ ነገርሁት። መሠረት ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ገና ነው፣ ልጄ» አልሁት። «ትደርሳለህ።»