ከሚኤሶ ኬላ በፊት

«አራት ላይ አድርገው» ይላል ሰውዬው።

ሙሜ መሪውን እንደያዘ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ያያል። ሦስት ላይ ነው። «ሁለትም ይበቃ ነበር ጓድ። በጣም ከቀዘቀዘ ሲወርዱ ፀሐዩ አይምርዎትም። ምች ይመታዎታል።»

«አራት አልኩህ።»

ሙሜ ወደ አራት ያዞረዋል። ውጭ የአሰቦት ሜዳ በሙቀት ይርገበገባል፤ ግመሎቹ እንኳ ግራር ሥር ተጠጋግተዋል። ውስጥ ግን የሙሜ የክንዱ ፀጉር ቆሟል።

የእርዳታ ድርጅቱ ይህን ላንድክሩዘር ካስረከበው ወዲህ ብዙ ባለሥልጣን ጭኗል። ሁሉም ሲገቡ አራት ይላሉ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ «ኧረ ቀንሰው» ይላሉ። ይኸኛው ግማሽ ሰዓት ሆነው። ቀንስ አላለም።

ጠዋት ከባቡር ወርዶ ነው ወደ አሰቦቱ መጋዘን የመጣው። የውሃ ጉድጓድ መርማሪ ነኝ አለ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳየ፤ ስሙ ገብረጻድቅ ይላል። የመጋዘኑ ኃላፊ «አሰበ ተፈሪ አድርሰው» ብሎ ለሙሜ ሰጠው። የጉድጓድ መርማሪ ነው፤ መንገድ ዳር ያለፏቸውን ሁለት የውሃ ፓምፖች ግን ዞር ብሎ አላያቸውም።

ጆሮ ጠቢ ነው፣ ብሎ ነበር ሙሜ መጀመሪያ። አምና የእህቱን ባል ጂብሪልን ያስበላው እንዲህ ያለ ለስላሳ እጅ ያለው ተሳፋሪ ነው። ከሂርና አብሮት ተሳፍሮ ስለ ኑሮ መክበድ አጫወተው፤ ጂብሪልም የልቡን ተናገረ። እህቱ ረዲያ ይኸው እስከ ዛሬ ወህኒ ቤት ስንቅ ታመላልሳለች። ስለዚህ ሙሜ ከአሰቦት ጀምሮ ከማቀዝቀዣው ወሬ በቀር አፉን አልከፈተም።

«ጓድ ገብረጻድቅ፣ ውሃ ልስጥዎት?» ይላል አሁን።

ሰውዬው መንገዱን ማየቱን ይቀጥላል።

«ጓድ ገብረጻድቅ።»

«እ? እኔን ነው? አይ… ደኅና ነኝ።»

ሙሜ በጎን ያየዋል። ላቡን የሚያየው ያኔ ነው። ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ወደ አንገቱ ይወርዳል፤ ኮሌታው ርሷል። በዚህ ሁሉ ብርድ ውስጥ። ማቀዝቀዣውን የሚያስጨምረው ላቡን ሊያደርቅበት ኖሯል፤ ላቡ ግን እንቢ ብሎታል።

ጆሮ ጠቢ እንዲህ አያልበውም። እንዲህ የሚያልበው የሚፈለግ ሰው ነው።

ወይስ ሙሜን ሊፈትኑ ልከውት ነው? ሰው እንባ ያስመስላል። ላብን ግን እንዴት ያስመስላል?

የሚኤሶ ኬላ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀርቶታል። ሰውዬው እንዲህ ሆኖ ከደረሰ እጅ ከፍንጅ ነው፤ ያሳፈረውም አብሮት ይወርዳል። ሙሜ ማቀዝቀዣውን ያጠፋና የራሱን መስኮት ያወርዳል። ሙቀቱ ግልብጥ ብሎ ይገባል።

«ምን እያደረግህ ነው?» የሰውዬው እጅ ወደ በሩ መክፈቻ ይሄዳል።

«መስኮትዎን ያውርዱ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ኬላው ላይ ፀሐይ ላይ ያቆሙናል። ላብ በላብ ሆነን ብንደርስ ይሻላል፤ እኔም፣ እርስዎም።»

ሰውዬው ዓይኑን ከሙሜ ሳይነቅል መስኮቱን ያወርዳል። ኬላው ሲደርሱ የሙሜ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ አቧራና ላብ ሁለቱንም አንድ መልክ አድርጓቸዋል።

ገመዱ ጋ የቆመው ሚሊሻ ዓሊዩ ነው፤ ሙሜን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ደብዳቤውን ያነባል። ሰውዬውን ያየዋል፤ ደግሞ ያየዋል። ዛፍ ሥር የተቀመጠው መቶ አለቃ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ዓሊዩ ሙሜን አስወርዶ ከመኪናው ኋላ ይወስደውና በኦሮምኛ ይጠይቀዋል።

«ኦቦ ሙሜ፣ ከአዲስ አበባ ያመለጠ ሰው ይፈለጋል ተብለናል። ይህን ሰውዬ ያውቁታል?»

ሙሜ ወደ መኪናው ያያል። ሰውዬው በጎን መስተዋቱ አፍ አፋቸውን ያያል፤ ቋንቋውን እንደማይሰማ ያስታውቃል። ረዲያ ትዝ ትለዋለች። ለባሏም ለወንድሟም ሁለት ስንቅ መሸከም አትችልም።

«አውቀዋለሁ» ይላል። «የጉድጓድ ሰው ነው። ባለፈው ወርም ሂርና ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ወላሂ ይበሉ።»

ሙሜ በሐሰት ምሎ አያውቅም። «ወላሂ» ይላል።

ዓሊዩ ገመዱን ይለቀዋል።

ኬላው ከኋላቸው ሲርቅ ሰውዬው ይዞራል። «ምን አልከው?»

«ሰላምታ ነው።»

«ሰላምታ ይህን ያህል አይረዝምም። ስሜን ነገርከው?»

«ከደብዳቤው ሌላ የእርስዎን ስም እኔ የት አውቄ?»

የሰውዬው ፊት ዐመድ ይመስላል። «አቁም።»

«አሰበ ተፈሪ እኮ ገና ነው።»

«አቁም አልኩህ!»

ሙሜ ዳር ይዞ ያቆማል። የማለውን መሐላ ሊነግረው ይልና ይተወዋል። ነገ ቢይዙትና ቢገርፉት፣ የሚያወጣው ነገር ባይኖረው ይሻላል።

ሰውዬው ቦርሳውን አቅፎ በማሽላው መሐል ወደ ኮረብታው ይሄዳል። አምስት እርምጃ ይራመዳል፣ ዞሮ መኪናውን ያያል። አምስት እርምጃ፣ ዞሮ ያያል። ተመልሶ ሊጠቁምብኝ ነው ብሎ ይሆናል።

ሙሜ ሞተሩን ያጠፋል። ቁልፉን ነቅሎ እጁን በመስኮቱ ያወጣል፤ ወደ ኬላው እንደማይመለስ ከሩቅ እንዲታይ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ሰውዬው ዞሮ ያየዋል። ከዚያ ወደ ኮረብታው መሮጥ ይጀምራል።