የክንፈ አብራሪ

የአሶሳ ባጃጆች የቅዱሳን ሥዕል ወይም የኳስ ተጫዋች ፎቶ ይለጥፋሉ። ክንፈ ግን ከመቀመጫው ጀርባ የለጠፈው የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ጀርመናዊ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው። ሰውዬው ከአውሮፕላኑ ጭራ አጠገብ ቆሞ ይስቃል። ጭራው ላይ፣ መትቶ ለጣለው አውሮፕላን ሁሉ አንድ ነጭ መስመር ተሰምሯል።

«መስመር ጨመርክበት እንዴ?» አልኩት ከገበያ ስሳፈር።

«ኧረ እኔ አልነካሁትም፣ አመለወርቅ! ሰኞ ጋሽ ወንድምአገኝን ካወረድኳቸው በኋላ ነው ያየሁት።»

ጋሽ ወንድምአገኝ ሰኞ ከባጃጅ እንደወረዱ በራቸው ላይ ወድቀው ነው የሞቱት።

ሰፈሬ እስክንደርስ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። ባጃጁ ሲቆም ግን ዞር አልኩ፤ ሌላ መስመር አለ። በጣቴ ብነካው ቀለሙ አልደረቀም።

«ደረስን እኮ» አለኝ ክንፈ። «ውረጂ እንጂ።»