ክር የታሰረበት ብርጭቆ

ግቢያችን ያለው ቁጥቋጦ ክረምት ከበጋ አይረግፍም፤ አበባው ያሳሳል፣ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ ግን መርዝ ነው። ይነቀል ብል አማቴ አኮረፉ። ስለዚህ በጓንት እከረክመዋለሁ፤ ለእሳቸውም አንድ ዘለላ በብርጭቆ ውሃ አስቀምጣለሁ። ማንም እንዳይጠጣበት ብርጭቆው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ።

ዛሬ ከርክሜ ስገባ አማቴ፣ ባሌና ልጄ ምሳ ጨርሰዋል። ፊታቸው ሦስት ባዶ ብርጭቆ አለ። ሦስቱም ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ በየውስጣቸው የረጠበ የአበባ ቅጠል ቀርቷል።

«ማነው የቀዳላችሁ?» አልኩ።

አማቴ ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ራስሽ አይደለሽ እንዴ? አሁን ‹ክሩ ለጌጥ ነው፣ ጠጡ› ብለሽን ወጣሽ።»

ከደጅ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ መቀስ ድምፅ ተሰማኝ። ያለን መቀስ አንድ ነው፤ እሱም እጄ ላይ ነው።